ልኩ በጽዋው ነውን፥ ወይስ በጠጪው?

«በልክ ከሆነ ምን ጉዳት አለው?» የሚለው ጥያቄ ስለ መጠጥ በሚነሣ ክርክር ሁሉ ይሰማል። ጠያቂው ለስካር ጠበቃ የቆመ ሰው አይደለም፤ ስካር ቤትን እንደሚያፈርስ፥ ገንዘብን እንደሚበትን፥ አእምሮንም እንደሚያጨልም እርሱ ራሱ ያውቃል። የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም በስካርና ፈጽሞ ባለመጠጣት መካከል አንድ መካከለኛ መንገድ አለ፥ እርሱም ልክን ማወቅ ይባላል የሚል ነው። አነጋገሩ ለጆሮ የተስማማ ነው። ነገር ግን፥ ውድ አንባቢ ሆይ፥ ይህ ልክ የሚባለው ነገር የሚገኘው ከወዴት ነው? በጽዋው ውስጥ ነውን፥ ወይስ በሚጠጣው ሰው? ይህን ጥያቄ በዘመናችን አጥርቶ የሚያሳየን አንድ ጉዳይ አለ፤ እርሱም ክብደታቸውን ለመቀነስ ሲሉ በጨጓራቸው ላይ ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው ሰዎች ሁኔታ ነው።

ሕክምናው ምን እንደ ሆነ አስቀድመን እንረዳ። ከመጠን ያለፈ ውፍረት ብዙ ጊዜ የስኳር በሽታን፥ የደም ግፊትንና የልብ ሕመምን ያስከትላል። ምግብ በመቀነስና ሰውነትን በማንቀሳቀስ ብቻ ከዚህ ሸክም ሊወጡ ላልቻሉ ሰዎች ሐኪሞች ቀዶ ጥገናን ይመክራሉ። ከዚህ ሕክምና ዓይነቶች አንደኛውን ኤድዋርድ ሜሰንና ቺካሺ ኢቶ የተባሉ ሐኪሞች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1966 ዓ.ም. በአሜሪካ በአይዋ ዩኒቨርሲቲ ጀመሩት። በዛሬው አሠራር ከጨጓራው ላይኛ ክፍል 30 ሚሊሊትር ያህል ብቻ የሚይዝ ትንሽ ከረጢት ተለይቶ በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር ይጋጠማል፤ ምግብ በቀረው ጨጓራ አያልፍም። በሌላው ዓይነት ደግሞ ከጨጓራው ከአራት እጅ ሦስት እጅ የሚያህለው ተቆርጦ ይወጣና የቀረው እንደ ጠባብ እጅጌ ይሆናል። በዚህ ሕክምና ጤናቸው የተመለሰላቸውና የስኳር በሽታቸው ጋብ ያለላቸው ሰዎች ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ «መብላትን መተው አቅቶት በቢላዋ ተረዳ» እያሉ በንቀት መናገር አይገባም። በሽተኛ ወደ ሐኪም መሄዱ ነውር አይደለምና።

ታዲያ ይህ ከመጠጥ ጋር ምን ያገናኘዋል? በጤነኛ ጨጓራ መጠጥ ከምግብ ጋር ተቀላቅሎ ጥቂት ጊዜ ይቈያል፤ በጨጓራው መውጫ ያለው በርም ጥቂት በጥቂት ወደ አንጀት ይሰደዋል። ከአልኮሉም ከፊሉ ገና በጨጓራ ሳለ ኢንዛይም በሚባለው ንጥረ ነገር ይፈርሳል። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ግን ይህ ሁሉ ይለወጣል። ማቆያው ጠብቧል፤ መጠጡም በፍጥነት ወደ አንጀት፥ ከአንጀትም ወደ ደም ይገባል።

ይህ ምን ያህል እንደ ሆነ በካሊፎርኒያ የሚገኘው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት አሳይተዋል። በዚያ ጥናት 19 ሰዎች ጨጓራቸው ከአንጀታቸው ጋር ከመጋጠሙ በፊትና ከተጋጠመ በኋላ 150 ሚሊሊትር ያህል ቀይ ወይን፥ ማለት አንድ ብርጭቆ፥ እየጠጡ ትንፋሻቸው ተለካ። ከሕክምናው በፊት ከፍተኛው የአልኮል መጠን በአማካይ 0.024 በመቶ ነበር፤ ከስድስት ወር በኋላ ግን 0.088 በመቶ ሆነ። አልኮሉ ከትንፋሻቸው ፈጽሞ እስኪጠፋም ቀድሞ 49 ደቂቃ ይበቃ የነበረው ወደ 88 ደቂቃ ረዘመ። በካሊፎርኒያ ሕግ መኪና ለሚነዳ ሰው የተወሰነው ወሰን 0.08 በመቶ መሆኑን ስናስብ ነገሩ ይገለጥልናል። ወይኑ ያው ነው፤ ብርጭቆውም ያው ነው፤ ሰዎቹም እነዚያው ናቸው። ነገር ግን ትናንት ከሕግ በታች ያዋለቻቸው አንዲት ብርጭቆ ዛሬ ከሕግ በላይ አወጣቻቸው።

ከሀገራችን ወጥተው በአሜሪካ የሚኖሩ ብዙ ናቸውና ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። በዋሽንግተን ከተማ ታክሲ እየነዳ ልጆቹን የሚያሳድግ አንድ ሰው አለ እንበል። ይህ ሰው ቀድሞ በሠርግ ላይ ሁለት ብርሌ ጠጅ ጠጥቶ፥ «ይበቃኛል» ብሎ የሚነሣ ነበር፤ ሰክሮ ያየው ሰው የለም። ከዚህ በኋላ ጨጓራውን በቀዶ ጥገና አሳነሰ። ዓመት ካለፈ በኋላ በወንድሙ ልጅ ሠርግ ላይ ተገኘ፤ «ዛሬስ አንድ ብቻ እጠጣለሁ፥ የቀድሞው እኩሌታ ነው» ብሎ አንድ ብርሌ ጠጣና መኪናውን አስነሣ። ጠጅ እንደየቤቱ ብርታቱ የሚለያይ መጠጥ ስለ ሆነ የአልኮሉን መጠን በብርሌው ላይ አንብቦ ሊያውቅ አይችልም። ይህ ሰው ማንንም አልዋሸም፤ ለስካርም አላሰበም። ሆኖም በራሱ ግምት በልክ እየጠጣ ከልክ አለፈ። በመንገድ ላይ የሚሻገር ሕፃን ቢያጋጥመው «እኩሌታውን ብቻ ነው የጠጣሁት» ማለቱ ምን ይረባል?

እንግዲህ ልክ የሚባለው ነገር በብርሌው ላይ የተጻፈ ቍጥር እንዳይደለ እንረዳለን። ይህን የጥንት ፈላስፎችም አስተውለውታል። አርስጣጣሊስ ስለ ምግባር በጻፈው መጽሐፍ ላይ፥ ምግባር በማብዛትና በማሳነስ መካከል ያለ መካከለኛ ነው ብሎ ካስተማረ በኋላ፥ ይህ መካከለኛ ለሁሉ አንድ እንዳልሆነ ለማስረዳት ሚሎ የተባለውን ታላቅ ታጋይ ምሳሌ አድርጎ ያመጣል። ለሚሎ የሚያንሰው ምግብ ትግልን ገና ለሚጀምር ሰው ይበዛበታል። ስለዚህ መካከለኛው የሚፈለገው ከነገሩ ብቻ ሳይሆን ከሰውየውም ነው። እኛም በዚህ ላይ አንድ ነገር እንጨምራለን፤ ይኸውም ሚሎና ጀማሪው ሁለት ሰዎች መሆናቸው ቀርቶ አንድ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ የሚል ነው። ትናንት ሚሎ የነበረ ዛሬ ጀማሪ ይሆናል። ሰውነቱ ሲለወጥ ልኩም ይለወጣል፤ የቀድሞውን ልክ ይዞ የሚኖር ሰው የሌላ ሰው ልብስ እንደ ለበሰ ነው።

ምናልባት አንዳንዱ፥ «ጢሞቴዎስስ ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት የወይን ጠጅ እንዲጠጣ ተመክሮ የለምን?» ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ ተመክሯል። ዳሩ ግን ምክሩ ለማን እንደ ተሰጠ እናስተውል። ስሙ ለታወቀ ለአንድ ሰው፥ ደካማነቱ ለታወቀ ለአንድ ሆድ፥ በጥቂት መጠን፥ እንደ መድኃኒት ተሰጠ። ሆዱ በሌላ መንገድ የተለወጠ ሰው ይህን ምክር አንሥቶ ለራሱ ፈቃድ ቢያደርገው፥ ለጎረቤቱ የታዘዘውን መድኃኒት እንደሚውጥ ሰው ይሆናል። ምክሩ የሚያስተምረን መካሪው የሚመከረውን ሰው ሰውነት ማወቅ እንዳለበት ነው።

በቋንቋችን «ልክን ማወቅ» የሚለው ቃል ሁለት ፍች እንዳለው ልብ እንበል። አንደኛው በመብልና በመጠጥ አለማብዛት ነው፤ ሁለተኛው ግን ራስን አለማስታበይ፥ የራስን ወሰን መረዳት ነው፤ ትሑቱን ሰው «ልኩን የሚያውቅ» እንለዋለንና። ሁለቱም ፍችዎች በዕውቀት ላይ ቆመዋል። ልኩን ሳያውቅ ጥቂት የጠጣ ሰው ዕድል ረዳው እንጂ ልከኛ አልሆነም። ጨጓራው ለተለወጠ ሰው ይህ ዕውቀት ከቀድሞው ልማድ አይገኝም፤ ከባልንጀሮቹም አይገኝም፤ መጠጡ ቶሎ ወደ አእምሮው ስለሚወጣ በዚያ ሰዓት ከራሱ ስሜትም አይገኝም። ሳይጠጣ፥ አእምሮው ንጹሕ ሳለ፥ ከሐኪሙ ጠይቆ ሊረዳው ይገባል። ሐኪሞችም ቢያንስ በመጀመሪያዎቹ ወራት፥ ብዙዎቹም እስከ አንድ ዓመት፥ ፈጽሞ እንዳይጠጣ ይመክራሉ፤ ቀድሞ መጠጥ ያስቸገረውን ሰው ግን ለዘወትር እንዲተው ይነግሩታል። ምክንያታቸውም ስካር ብቻ አይደለም። አልኮል ጉበት ስኳርን ወደ ደም እንዳይሰድ ስለሚከለክል ጥቂት ለሚበላ ሰው የደሙ ስኳር በድንገት ሊወርድበት ይችላል። ደግሞም ከዚህ ሕክምና በኋላ በተለይም ማስታወክ ሲበዛ ሰውነት ቪታሚን ቢ1 ሊያጣ ይችላል፤ መጠጥም ይህን ጉድለት ያብሰዋል፤ ጉድለቱ ሲበረታ አንጎልን ይጎዳል።

ከዚህ ቀጥሎ ፍርድ ለመስጠት የምንቸኩለውን ሁሉ የሚያቆም አንድ ነገር አለ። በአሜሪካ በ10 ሆስፒታሎች ከታከሙ ሰዎች 1,945ቱን ተከታትሎ በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እንዳሳየው፥ ከሕክምናው በፊት ባለው ዓመት ከ100 ሰዎች 7.6ቱ በመጠጥ ችግር የተያዙ ነበሩ፤ በመጀመሪያው ዓመት ቍጥሩ ያው ያህል ሆነ፤ በሁለተኛው ዓመት ግን ወደ 9.6 ከፍ አለ። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው ተከታይ ጥናት ደግሞ ቀድሞ ይህ ችግር ያልነበረባቸውን ሰዎች መርምሮ፥ በአምስት ዓመት ውስጥ ጨጓራቸው ከአንጀታቸው ጋር ከተጋጠመው ከ100 ወደ 21 የሚሆኑት፥ ጨጓራቸው በቀለበት ብቻ ከታሰረው ግን ከ100 ወደ 11 የሚሆኑት የችግሩ ምልክት እንደ ታየባቸው አገኘ።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። መጀመሪያ፥ አደጋው የሚመጣው ሰው በሚጠነቀቅበት በመጀመሪያው ወራት ሳይሆን፥ ክብደቱ ቀንሶ፥ ልብሱ ሰፍቶት፥ ሰው ሁሉ «እንኳን ደስ ያለህ» በሚለው ጊዜ ነው። ሁለተኛ፥ የችግሩ መጠን እንደ ቀዶ ጥገናው ዓይነት ከተለያየ፥ የወደቀውን ሰው «ከሆዳምነት ወደ ሰካራምነት ተሻገረ» ብሎ ጠባዩን ብቻ መክሰስ እውነትን ማጉደል ነው። መጠጡ በሰውነቱ ላይ የሚሠራው በእኛ ላይ እንደሚሠራው አይደለም። ይህ ማለት ግን ኀላፊነት የለበትም ማለት አይደለም። የበለጠ ፈተና ያለበት ሰው የበለጠ ጥንቃቄ ይገባዋል፤ ከሌሎቹም የበለጠ ርኅራኄ ይገባዋል። ከመቶው አብዛኞቹ በዚህ ችግር እንዳልተያዙም መርሳት አይገባም፤ ተስፋ መቍረጥም እንደ ቸልተኝነት ያው ስሕተት ነውና።

አሁን ነገሩን ወደ ራሳችን እንመልሰው። ቀዶ ጥገና ያልተደረገልን፥ ምናልባትም መጠጥ ከቶ የማንቀምስ ሰዎች፥ «ይህ ለእኛ ምን ይሆነናል?» እንል ይሆናል። ነገር ግን እንግዳን ማስተናገድ የማያውቅ ከመካከላችን ማን ነው? በሀገራችን ልማድ ወዳጅን በባዶ እጅ መስደድ ነውር ነው፤ ስለዚህ «በሞቴ! ይቺን ብቻ!» እያልን እናስገድዳለን። ይህ ልማድ ከፍቅር የተወለደ ነው፤ እንጀራውም ብርሌውም የፍቅር ቋንቋ ነው። ዳሩ ግን «በሞቴ» ስንል የምንለምነው ሰው ሞት ይመጣ እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባናል። የታከመ ሰው ብዙ ጊዜ መታከሙን ለመናገር ያፍራል፤ «አልጠጣም» ሲል ምክንያቱን ካላወጣ አንለቀውም፤ ምክንያቱን ከሚያወጣ መጠጣት ይቀለዋል። እንዲህ አድርገን የአንድን ሰው ምስጢር ወይም ጤናውን አንዱን እንዲመርጥ እናስገድደዋለን። ይህ መስተንግዶ ነውን?

የማይጠጡትም ቢሆኑ ሌላ ስሕተት አለባቸው። የማይጠጣውን ሰው ወዲያው «ከእኛ ወገን ነው» ብለው ያመሰግኑታል፤ ጥቂት የቀመሰውን ደግሞ ሳይመረምሩ ይኰንኑታል። አንደኛው ያስገድዳል፤ ሁለተኛው ይፈርዳል፤ ሁለቱም ግን ሰውየውን ትተው ብርሌውን ይመለከታሉ። እውነተኛ ወዳጅ «አልፈልግም» የሚለውን ቃል በአንድ ጊዜ ይሰማል፤ ውኃውንም ጠጁ በቀረበበት በዚያው ክብር ያቀርባል።

ታዲያ ጨጓራውን በቀዶ ጥገና ያሳነሰ ሰው በልክ ሊጠጣ ይገባዋልን? ለሁሉ የሚሆን አንድ ሕግ በዚህች ጽሑፍ ልንደነግግ አንችልም። ይህን ያህል ግን በድፍረት እንላለን፤ ሊጠጣ የሚሻ ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ሐኪሙ በፈቀደለት ጊዜም ጥቂት ቢሆን እንኳ በዚያ ቀን መኪና አይንዳ፤ የቀድሞውን ልክ በእጁ ይዞ ወደ አዲሱ ሰውነቱ አይግባ። ልኩን ሊያውቀው የማይችል ሆኖ ካገኘው ግን፥ ለእርሱ አለመጠጣት ከልከኝነት ማለፍ አይደለም፤ ልከኝነቱ ራሱ ነው። ጨጓራው የጠበበበት ሰው ጥቂት ምግብ በልቶ «ጠገብሁ» ሲል ማንም እንደ ተራበ አይቈጥረውም። ከጽዋው ምንም ሳይቀምስ «ይበቃኛል» ሲልም እንዲሁ እንመነው። ለእርሱ በቅቶታልና።