ታዳጊ ልጃችን ድራማውን አብራን ትመልከት?

 

ቃና ቴሌቪዥን በ2008 የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ማሰማት ከጀመረ ወዲህ ክርክሩ አልበረደም። አንዱ «ሐራም ነው፣ ዝጉት» ይላል። ሌላው «ተዋናዮቹ እኮ ዑመርና ኤሊፍ ነው የሚባሉት፣ ምን ችግር አለው?» ይላል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ነው። ስሙ የሙስሊም ስለሆነ ታሪኩ ሐላል አይሆንም።

ልብ በሉ፣ ድራማውን የሠሩት አገሮች ራሳቸው «ለሁሉም ዕድሜ ነው» አላሉም። ቱርክ 7፣ 13 እና 18 የሚሉ የዕድሜ ምልክቶች አሏት። በቴሌኖቬላዋ የታወቀችው ብራዚልም በዕድሜ ደረጃ ትከፍላለች። ብራዚል ሸሪዓ አሳስቧት አይደለም፤ የ12 ዓመት ልጅና የ18 ዓመት ወጣት አንድ እንዳልሆኑ ግን ታውቃለች።

መሳሙስ ሲመጣ አባት ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ እናት ሪሞት ትፈልጋለች፣ ያልፋል። የማያልፈው ሌላ ነው። ወራት ሙሉ የተከታተልነው ሰው ሚስቱን ሲከዳ «ምን ያድርግ፣ ፍቅር ይዞት ነው» ማለት እንጀምራለን። አዋቂው ትዳርን ኖሮበታልና ያመዛዝናል። የ14 ዓመት ልጅ ግን ከወላጆቹ ትዳር ቀጥሎ የሚያየው ይሄንን ነው፤ ያውም በእናቱ ቋንቋ።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አጠራጣሪ ነገር ውስጥ የሚገባን ሰው በተከለለ ግጦሽ ዳር ከብት በሚያሰማራ እረኛ መስለውታል። ለፎገራ ሰው ይህን ማብራራት አያስፈልግም። ሩዝ ባሸተበት ወር ከብቱን ማሳ ጠርዝ አሰማርቶ የሚተኛ እረኛ ማን ይቀጥራል? ግን ደግሞ እረኛ ከብቱን ዓመት ሙሉ በረት ዘግቶ አያኖርም፤ አብሮ ይውላል።

ስለዚህ የአዋቂ ድራማ ለ13 እና ለ14 ዓመት ልጅ አይሆንም እላለሁ፤ እኛም ልጆች ባሉበት አንክፈተው። 17 ለሞላው ከሆነ አጠገቡ ተቀምጣችሁ «ይሄ ሰውዬ ያደረገው ልክ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ ሊያስደነግጣችሁ ይችላል፤ አትቆጡ፣ አስጨርሱት።

በብዙ ቤት ልጅቷ «ተነሽ፣ ወጡን እዪ» ትባላለች፤ ወንድሟ ሶፋው ላይ ይቀራል። ሱረቱ ኑር ላይ ዓይንን መስበር በቅድሚያ የታዘዘው ለወንዶቹ ነው፣ አንቀጽ 30፤ የሴቶቹ በ31 ይከተላል። ቴሌቪዥኑን ዘግታችሁ ልጁ ስልኩን ይዞ ጓዳ ከገባ ደግሞ ያው ድራማ እዚያም ይጠብቀዋል።