የዕውቀት በር ትኬት

ወደ ትያትር ቤት የሚገባ ሰው ትኬት ይቆርጣል፤ ተዋናዩ ግን ይከፈለዋል። ወደ ሳይንስ ጉባኤ ሲኬድ ነገሩ ይለወጣል። አዳማጩም ይከፍላል፣ ተናጋሪውም ይከፍላል። ጥናቱን ለዓመታት ባሕር ላይ ተንከራትቶ ያዘጋጀ ተመራማሪ፣ ሥራው በገምጋሚዎች ተመዝኖ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ፣ ለጥቂት ደቂቃ ቆሞ ለመናገር የመግቢያውን ዋጋ እንደ ማንኛውም ታዳሚ ይከፍላል። ለመሆኑ ይህ ሰው የሚገዛው ምንድን ነው? ዕውቀት ነው እንዳንል፣ ዕውቀቱን ይዞ የመጣው እርሱ ራሱ ነው።

ጥያቄው በደመና ላይ እንዳይቀር አንድ ምሳሌ እናንሣ። እ.ኤ.አ. በ1981 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የባሕር አጥቢ እንስሳት ጥናት ማኅበር፣ ወረርሽኙ ካዛባው ጊዜ በቀር፣ በየሁለት ዓመቱ ጉባኤ ይጠራል። በ2007 ኬፕታውን፣ በ2019 ባርሴሎና፣ በ2022 ፍሎሪዳ ውስጥ ፓልም ቢች፣ በ2024 ደግሞ የአውስትራሊያዋ ፐርዝ ጉባኤተኞቹን አስተናግደዋል። የሚመከረውም በሳንባቸው ስለሚተነፍሱና ግልገሎቻቸውን ስለሚያጠቡ የባሕር ፍጥረታት ነው። ግዕዝ «ዐንበሪ» የሚለውን እንስሳ አማርኛችን «ዓሣ ነባሪ» ቢለውም ዓሣ አይደለም፤ ጉባኤው ከሚነጋገርባቸው አጥቢዎች ግን ዋነኛው ነው።

ይህ ጉዳይ ከእኛ የራቀ አይደለም። ሐምፕባክ የሚባለው ዓሣ ነባሪ ከደቡብ ዋልታ ባሕር ተነሥቶ በየዓመቱ እስከ ኬንያ ጠረፍ ይዘልቃል። በስዋሂሊ «ንጉቫ» የሚባለው፣ የባሕር ሣር የሚግጠው ዱጎንግም በቀይ ባሕር በዳህላክ ደሴቶች አካባቢ ይገኛል። የምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ዱጎንግ ግን በ2022 በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ገብቷል። ይተርፋል የሚል ተስፋ የሚጣልበት መንጋው ሞዛምቢክ ውስጥ ባዛሩቶ በሚባሉት ደሴቶች ዙሪያ ያለው ነው። ከጠላቶቹም አንዱ ለዓሣ ተብሎ የተዘረጋው መረብ ነው፤ እንስሳው መረቡ ውስጥ ተጠላልፎ ለመተንፈስ ወደ ላይ መውጣት ሲያቅተው ሰጥሞ ይሞታል።

እንግዲህ ስለዚያ መረብ አዳራሽ ውስጥ ሲመከር፣ የመረቡ ባለቤት የት ነው? እንስሳው የት እንደሚግጥ፣ በየትኛው ወር እንደሚታይ ለተመራማሪው የሚጠቁመው ብዙ ጊዜ ዓሣ አጥማጁ ነው። ቃሉ አኃዝ ይሆናል፣ አኃዙ ጥናት ይሆናል፣ ጥናቱም ትኬት ባለው አዳራሽ ይነበባል። ኋላ ሕግ ሆኖ ሲመለስ መረቡን የሚያጣው ያው ሰው ነው።

ዓሣ አጥማጁ ይቅርና፣ ከእርሱ ጋር ጀልባ ላይ የዋለው የሞምባሳ ወይም የምጽዋ ወጣት ተመራማሪም በሩ ላይ ይቀራል። የጉባኤ ትኬት አስቀድሞ ለከፈለ ይረክሳል፣ ለዘገየ ይወደዳል። ቪዛ የሚጠብቅ ሰው ግን መሄዱን ሳያውቅ እንዴት አስቀድሞ ይክፈል? ለአውሮፓው የሼንገን ቪዛ በ2019 ይከፈል የነበረው 60 ዩሮ በ2024 90 ዩሮ ደርሷል፤ አመልካቹ ቢከለከልም ገንዘቡ አይመለስለትም። ጉባኤው አፍሪካ ውስጥ ቢሆን እንኳ ከናይሮቢ ኬፕታውን ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ብዙ ማኅበራት ከድሃ አገሮች ለሚመጡ የመመዝገቢያውን ዋጋ ይቀንሳሉ፤ ደግ ሐሳብ ነው። ሆኖም የሚቀነሰው ከወጪው ትንሹ ክፍል ነው።

በሌላ ወገን፣ «ታዲያ ማን ይክፈል?» የሚለው ጥያቄ በንቀት የሚታለፍ አይደለም። አዳራሽ ኪራይ አለው፤ መብራቱም ምግቡም ዋጋ አለው። ሶቅራጥስ ለማስተማር ገንዘብ ባለመቀበሉ ይመሰገናል፤ ድህነቱን ግን ቤተሰቡም ተሸክሞታል። በአገራችን የቆሎ ተማሪ ለየኔታ የትምህርት ክፍያ አይቆጥርም፤ እርሱን በቁራሽ የሚያኖረው ግን የመንደሩ ሕዝብ ነው። ያ ትምህርት ነጻ የመሰለን ከፋዩ ብዙ ስለነበረና ደረሰኝ ስላልተቆረጠለት ነው። ስለዚህ የፍትሕ ጥያቄው ሸክሙ እንዴት ይከፋፈል የሚለው ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባል። ዕውቀት ለብዙዎች ቢታደል አይጎድልም፤ ወንበር ግን ይጎድላል። ለወንበር ዋጋ መጠየቅ በደል አይደለም። በደል የሚሆነው በወንበሩ የተቀመጠ ብቻ ጠያቂ ሲሆን ነው። ከላይ ያነሣነው ተመራማሪ የሚገዛውም ይኸው ነው፦ መጠየቅንና መጠየቅን፣ በሻይ ሰዓት የሚገኝን የሥራ ወዳጅ፣ ለነገው ጥናት ርእስ ሲመረጥ መገኘትን። ከ2020 ወዲህ በኢንተርኔት መከታተል ተለምዷል፤ ንግግሩ ይሰማል፣ የሻይ ሰዓቱ ግን አይደርስም። የሌለ ሰው በሌለበት ይፈረድበታል።

ከዚህ የሚከተለው ግዴታ ከባድ አይደለም። ቪዛ ለሚጠብቅ ሰው የቅድሚያው ዋጋ እንዲጠበቅለት፣ ጥናቱ የተሠራበት ጠረፍ ተራው ሲደርስ ጉባኤውን እንዲያስተናግድ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ውጤቱ መረጃው ወደተወሰደበት ሰው በራሱ ቋንቋ፣ በስዋሂሊ፣ በሶማሊኛ፣ በዓረብኛ፣ በትግርኛ እንዲመለስ ማድረግ ነው። በትርጉም ሥራ የምንተዳደር ሰዎች ይህ የመጨረሻው የምሕረት ሥራ ተደርጎ ሲቆጠር እንሰማለን። ዕዳ እንጂ ምሕረት አይደለም። ዓሣ አጥማጁ ድርሻውን የከፈለው ገና ጥናቱ ሳይጻፍ ነው፤ ያየውን በነገረበት ቀን።