አውሮፕላኑ የሚሰማው ሩሲያኛ ብቻ ነው

እ.ኤ.አ. በ1977 ክሬግ ቶማስ የተባለ የዌልስ ደራሲ «ፋየርፎክስ» የተሰኘ ልቦለድ አሳተመ። ከአምስት ዓመት በኋላ ክሊንት ኢስትውድ ራሱ አዘጋጅቶ፣ ራሱ ተውኖ ፊልም አደረገው። ታሪኩ ሚቸል ጋንት የሚባል አሜሪካዊ አብራሪ ሶቪየት ኅብረት ሰርጎ ገብቶ አዲስ የጦር አውሮፕላን ሰርቆ ስለማምለጡ ነው። የዚህ አውሮፕላን መሣሪያ የሚተኮሰው በሐሳብ ነው፤ ሐሳቡ ግን በሩሲያኛ ካልሆነ አይታዘዝም። በመጨረሻው የአየር ላይ ፍልሚያ ጋንት ጠላት ከኋላው ደርሶበት መሣሪያው እምቢ ይለዋል። በጭንቀቱ መካከል ሐሳቡ ወደ እንግሊዝኛ ተመልሶ ኖሯል። የሚተርፈው ሩሲያኛው ትዝ ሲለው ነው።

እኔን የያዘኝ ይህ ትዕይንት ነው። ሐሳብ ቋንቋ አለው?

መጀመሪያ የመጣልኝ መልስ «የለውም» የሚል ነበር። ሕፃን ከደረጃ ሊወድቅ ሲል እጄ የሚዘረጋው «ያዘው» የሚል ቃል በውስጤ ሳይሰማ ነው። መኪና ድንገት ፊቱ የቆመበት ሾፌር ፍሬን የሚረግጠው በአማርኛም በኦሮምኛም አይደለም። ታዲያ አንጎልን የሚያዳምጥ ማሽን ቢሠራ፣ የሚያዳምጠው ከቃል በፊት ያለውን ነገር አይሆንም? ከቶማስ በኋላ የመጡት ደራሲዎችም እንዲህ ያሰቡ ይመስላል። በዊልያም ጊብሰን «ኒውሮማንሰር» (1984) ኬዝ ኤሌክትሮዱን ጭንቅላቱ ላይ አስሮ ወደ ኮምፒውተሩ ዓለም ሲገባ ቋንቋውን የሚጠይቀው የለም። በ«ማትሪክስ» (1999) ማጅራቱ ላይ በተሰካ ገመድ የኩንግ ፉ ትምህርት በሙሉ ወደ ኒዮ ጭንቅላት ይፈስሳል።

ከልቦለዱ ወጥቼ እውነተኛውን ዓለም ስመለከትም ግምቴ የጸና መሰለኝ። በአሜሪካ፣ ፒትስበርግ፣ ጃን ሾየርማን የሚባሉ ከአንገታቸው በታች ሰውነታቸው የማይታዘዝላቸው ሴት በ2012 እንቅስቃሴን በሚመራው የአንጎላቸው ክፍል ላይ ሁለት ጥቃቅን የኤሌክትሮድ ሰሌዳዎች ተተከሉላቸው። በእነዚህ አማካይነት የሮቦት ክንድ እያዘዙ ቸኮላት ጎረሱ። ቀጥሎ የመጣው ደግሞ የኢስትውድን ፊልም ያስታውሳል፤ የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ድርጅት ዳርፓ ኃላፊ በ2015 እንደገለጹት፣ እኚሁ ሴት ኤፍ-35 የተባለውን የጦር አውሮፕላን በሲሙሌተር ላይ በሐሳብ ብቻ አበረሩ። የአብራሪነት ሥልጠና አልነበራቸውም። ማንም በእንግሊዝኛ አስቢ አላላቸውም፤ የሚፈለገው እንቅስቃሴውን መፈለግ ብቻ ነበር። በልቤ «ቶማስ ተሳስቷል» ብዬ ጉዳዩን ልዘጋው ደረስሁ።

ግን እጅና አውሮፕላን ሌላ፣ ንግግር ሌላ ነው።

በ2023 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኤ.ኤል.ኤስ. በሚባለው የነርቭ በሽታ ንግግራቸው የማይገባ ስለሆነባቸው ስለ ፓት ቤኔት አንድ ጥናት አወጡ። አራት የኤሌክትሮድ ሰሌዳዎች ተተክለውላቸዋል፤ ሁለቱ አፍና ምላስን በሚያንቀሳቅሰው ክፍል፣ ሁለቱ ደግሞ ከመቶ ዓመት በላይ የንግግር ማዕከል ሲባል በኖረው በብሮካ ክፍል። ከሁሉ ያስገረመኝ ውጤቱ ነው። የብሮካው ክፍል ለማሽኑ ይህ ነው የሚባል ነገር አልነገረውም። ጠቃሚው መልእክት የመጣው ከንፈርን፣ ምላስንና መንጋጋን ከሚያዝዘው ክፍል ነው። ማሽኑ የቤኔትን ሐሳብ አላነበበም፤ ለመናገር ሲታገሉ አንጎላቸው ለአፋቸው የሚልከውን ትእዛዝ ነው ያነበበው። በደቂቃ 62 ቃላት አወጣ፤ ከ125,000 ቃላት መካከል እየመረጠ ሲሠራ ከአራት ቃላት አንዱን ለመሳት ጥቂት የቀረው ነበር። በዓመቱ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የተሠራው ተመሳሳይ መሣሪያ ትክክለኛነቱን ከ97 በመቶ በላይ አድርሶታል።

እዚህ ላይ ነው የመጀመሪያ መልሴ መናድ የጀመረው። የስታንፎርዱ ማሽን ትእዛዙን የሚመድበው በ39 የእንግሊዝኛ ድምፆች ነው። ከዚያ በኋላ የእንግሊዝኛ ቃላት እንዴት እንደሚከታተሉ የተማረ ሌላ ፕሮግራም ይቀበልና የተድበሰበሰውን ያቃናል። ቤኔት ሩሲያኛ ቢናገሩ ኖሮ ማሽኑ ግራ በገባው። የጋንት አውሮፕላን ልብ ወለድ መሆኑ ቀርቶ የምህንድስና ዝርዝር መስሎ ታየኝ።

ሆኖም ይህንንም መጠራጠር ነበረብኝ። ቋንቋው ያለው አንጎሉ ውስጥ ነው ወይስ ማሽኑ ውስጥ? በሳን ፍራንሲስኮ የኤድዋርድ ቻንግ ቡድን በ2024 ያወጣው ጥናት ለዚህ ጥያቄ የቀረበ መልስ አለው። ተሳታፊው በሃያ ዓመቱ ስትሮክ የመታው፣ አፉን በስፓኒሽ የፈታ፣ እንግሊዝኛን ከሕመሙ በኋላ የተማረ ሰው ነው። ተመራማሪዎቹ ሁለቱ ቋንቋዎች አንጎሉ ውስጥ በተለያየ ስፍራ ተቀምጠው አላገኟቸውም፤ የሚበዛው እንቅስቃሴ የጋራ ነበር። ማሽኑ በአንዱ ቋንቋ የተማረው ለሌላውም ስንቅ ሆነው። ሰውየው ስፓኒሽ ይናገር እንግሊዝኛ የሚለየው በዋናነት የቃላቱን አካሄድ በሚያውቀው ፕሮግራም ነው። እንግዲህ አውሮፕላኑ ሩሲያኛ ብቻ የሚሰማው የአብራሪው አንጎል በሩሲያኛ ስለተሠራ አይደለም፤ መሐንዲሶቹ ሩሲያኛ ብቻ ስላስተማሩት ነው። ቻይናውያን ተመራማሪዎችም በ2023 የማንዳሪንን የድምፅ ከፍታና ዝቅታ ከአንጎል የሚለይ ሥራ አቅርበዋል፤ በዚያ ቋንቋ የድምፁ አወጣጥ ከተለወጠ ቃሉም ይለወጣልና።

ይህን ይዤ ወደ ራሴ አፍ ተመለስሁ። «መታ» እና «መጣ» በሉ። ምላስ የሚያርፍበት ቦታ አንድ ነው። ልዩነቱ ጉሮሮ ውስጥ ነው፤ ለ«ጣ» ትንፋሽ ከታች ይቆለፍና ማንቁርት ከፍ ብሎ ድምፁ ይፈነዳል። ቀ፣ ጨ፣ ጰና ጸም እንዲሁ ናቸው። ከዚያ ደግሞ መጥበቅና መላላት አለ፤ በዓሉን ገናንና «ገና ነው» የምንለውን ገናን የሚለየው የ«ና» መጥበቅ ብቻ ነው። የአማርኛ ተናጋሪ አንጎል ይህን ሁሉ ለጉሮሮው እንደሚያዝ አያጠራጥርም። በ39ኙ የእንግሊዝኛ ድምፆች ውስጥ ግን አንዱም ፈንጅ ድምፅ የለም።

ፍርሃቱስ? አእምሮ ይበረበራል የሚለው የልቦለዱ ሥጋት? አፍን ብቻ የሚያነብ ማሽን ምስጢር አይሰርቅም ብዬ ተጽናንቼ ነበር። በነሐሴ 2025 ከስታንፎርድ የወጣው ጥናት ይህን መጽናኛዬን አሳሳው። አራት ሽባ የሆኑ ሰዎች ለመናገር ሳይሞክሩ ቃላትን በውስጣቸው ብቻ ሲሉ፣ ማሽኑ ከዚያው የአፍ ክፍል ደከም ያለ ምልክት አገኘ፤ በጥሩ ሁኔታ እስከ 74 በመቶ ለየው። ስክሪን ላይ ያሉ ቅርጾችን እንዲቆጥሩ ሲደረግም የቁጥሩ ዱካ ተገኘ፤ ቁጥሩን በውስጣቸው እንዲሉ ማንም አላዘዛቸውም። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ቁልፍ አበጁ፤ ሰውየው የአንድ የልጆች ፊልም ርዕስ በውስጡ ካላለ ማሽኑ የውስጥ ንግግሩን አያነብም። ቁልፉን ከ98 በመቶ በላይ ያውቀዋል።

ደግሜ ሳስበው ግን፣ የተያዘው በቃል የተባለው ብቻ ነው። እኛ ምስጢርን በሆድ እንይዛለን እንጂ በራስ አንይዝም፤ ሆድ የያዘው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ገና ቃል ያልሆነ ነገር ነው። ቂም ዓረፍተ ነገር አይደለም። ይህ ግን ለዛሬው መሣሪያ የሚሆን መልስ ነው፤ ለነገው እንዲህ በድፍረት አልናገርም።

አሁን የሚያሳስበኝ ግን ማሽኑ ከመስማቱ ይልቅ አለመስማቱ ነው። ለቤኔት ማሽን ማሠልጠኛ የሆኑት ዓረፍተ ነገሮች አሜሪካውያን በስልክ ካወሩት ተቀድተው ከተሰበሰቡ የተወሰዱ ናቸው፤ ቤኔትም በሺህ የሚቆጠሩ ዓረፍተ ነገሮችን ለመናገር እየሞከሩ ለወራት ተቀመጡ። አማርኛ ተናጋሪ ሕመምተኛ በአዲስ አበባም ሆነ በዋሽንግተን እንዲህ ያለ መሣሪያ ቢተከልለት፣ ፊቱ የሚቀመጡትን ዓረፍተ ነገሮች የሚጽፈው ሰው ከምን ይጀምራል? እኔ ብሆን ከአልጋ ላይ ንግግር እጀምራለሁ። ትራሴን ቀና አድርጉልኝ። ልጁ ደወለ? መስኮቱን ክፈቱት። ውኃ ስጡኝ። የመጨረሻዋን ድምፅ በድምፅ ፈታኋት፤ «ጡ»ም «ኝ»ም ከ39ኙ ውስጥ የሉም።