እናት ያላየችው ጎማ

ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ፤ ታላቁ ወልቂጤ፣ ታናሹ ቡታጅራ ይነግዳሉ። ሁለቱም በአንድ ዓመት የተሠራ፣ አንድ ዓይነት ቶዮታ ራቭ ፎር ገዙ። ታላቁ የገጠሩን ጭቃ አስቦ ጥርሱ የገዘፈ የጭቃ ጎማ አስገጠመ። ታናሹ ፋብሪካው የሰጠውን ባለ 17 ቸርኬና 225/65 ጎማ አውልቆ፣ በሚያብረቀርቅ ባለ 19 ቸርኬ ላይ 235/50 አደረገ። ሁለቱም የመረጡት ቆመው እያዩ ነው።

እናታቸው ግን ሁለቱም ዐይኖቿ በሞራ ተሸፍነው ነበር። ወልቂጤ አጠገብ ካለው መንደሯ ታላቁ ለሕክምና ቡታጅራ ወሰዳት። አንዱ ዐይኗ ታክሞ በፋሻ ከታሸገ በኋላ ታናሹ ሊመልሳት አሳፈራት።

መንደሯ ሲደርሱ "የወንድምህ መኪና አስፋልት ላይ ሲያጉረመርም ወሬ አላሰማኝም" አለችው። "ያንተ ዝም ይላል፤ ኮረኮንች ላይ ግን እያንዳንዷ ጠጠር ወገቤ ውስጥ ትገባለች።"

"ጋሼ፣ ኩሽኔታህ አልቆ ይሆናል" አለ ታናሹ፣ ወንድሙን ሲያገኘው። ታላቁም "ያንተም አሞርዛተር ደክሟል" ሲል መለሰ። ጋራዥ አስፈተሹ፤ ሁሉም ደህና ነው። በመጨረሻ እናታቸውን እንደያዙ ወልቂጤ አንድ ሽማግሌ ጎሚስታ ዘንድ ሄዱ። ሰውየው ቁጢጥ ብሎ የጎማዎቹን ጎን አነበበ።

"የእናታችሁ ጆሮ አልተሳሳተም። የጭቃ ጎማ በጥርሶቹ መካከል ሰፊ ክፍተት አለው። ጭቃውን ይቆነጥጣል፤ አስፋልት ላይ ግን እያንዳንዱ ጥርስ መሬቱን ሲመታ፣ በመካከሉ ያለው አየርም ሲታመቅ ይጮኻል። መሬት የሚነካው ላስቲክ ስለሚያንስ ዝናብ ባረጠበው አስፋልት ላይ ፍሬን ስትይዝ ቶሎ አይቆምልህም።"

ወደ ታናሹ ዞረ። "የፋብሪካው ጎማ ጎኑ የስፋቱ 65 በመቶ ነው፤ 146 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ያንተ 118 አይሞላም። ጎኑ አጭርና ድርቅ ያለ ስለሆነ መሪው ቶሎ ይታዘዝልሃል። የቀነስከው 3 ሴንቲ ሜትር ግን ጉድጓዱን ይውጥልህ የነበረው ነው። አሁን ምቱ ቸርኬውና እናትህ ላይ ያርፋል።"

"ታዲያ የሚስማማኝ ጎማ የለም?" አለች እናትየዋ ከመኪናው ውስጥ።

"አለ እንጂ እትዬ! ልኩ ከንፋሱ መጠን ጋር በሾፌሩ በር በኩል ተለጥፏል። አብዛኛውን ጊዜ የሚሄዱት በየትኛው መንገድ ነው?"

ይህን የጠየቃት ሰው እሱ የመጀመሪያው ነበር።

ወንድማማቾቹ እናታቸውን ይወዳሉ፤ በዚህ አልጠረጥራቸውም። ያላሰቡት፣ ጎማውን የሚመርጠውና ንዝረቱን የሚሸከመው ሰው የተለያዩ መሆናቸውን ነው። ይህ በየመናኸሪያችን ያለ ነገር ነው። ለመስቀል አገር ቤት የሚገባውን ሰው የሚያመላልስ ባለሚኒባስ ጎማ ሲገዛ ዋጋውንና ስንት ዓመት እንደሚቆይለት ይጠይቃል፤ የኋላ ወንበር ላይ ስለሚቀመጡት አሮጊት ማንም አይጠይቅም። የተመረተበትን ጊዜ እንኳ የሚያይ ጥቂት ነው። ጎኑ ላይ 2319 የሚል ከሆነ በፈረንጆቹ 2019፣ በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው፤ ጥርሱ ያላለቀ ጎማም በዕድሜ ይደርቃል፣ መሬት የመያዝ አቅሙም ይቀንሳል።

የሚያሳዝነኝ ይህ ቸልታ ጀፎረ ባለበት አገር መታየቱ ነው። ያ ሰፊ የሣር መንገድ በደጁ ለሚኖረው ቤተሰብ ብቻ የተተወ አይደለም። ለቀስተኛው፣ ሠርገኛው፣ ፈረሰኛውና ከብቱ ሁሉ ታስቦበታል፤ ማንም አጥሩን ወደ መንገዱ እንዳይገፋም በባህላዊው ሕግ ተከልክሏል። ጎማ ገዢውም እንዲሁ ለሌላው ቢያስብ አይከብደውም። አሮጌውን ከማስወለቁ በፊት እናቱን ከኋላ ያስቀምጥ፤ አስፋልቱንም ኮረኮንቹንም ነድቶ የቱ ጋ እንደከበዳት ይጠይቃት፤ ከሻጩ ጋር ስለ ዋጋ የሚነጋገረው ከዚያ በኋላ ይሁን።