ስለ ሳቅና ስለ ቀልድ

ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ምድር ባቡር በደረሰባት ጊዜ የተቆረቆረች፣ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪውና ጉራጌው በአንድነት የሚኖርባት ከተማ ናት። በእንዲህ ያለች ከተማ፣ በምሽት ክበብ፣ ቀልደኛ ብቻውን ከመድረክ ቆሞ የጎረቤቱን አነጋገር እያስመሰለ ሕዝቡን ሲያስቅ እኛ ምን እንላለን? ሳቅ ሁሉ ኃጢአት ነውን?

አይደለም። ይስሐቅ ማለት ሳቅ ማለት ነው፤ ስሙንም ያወጣለት እግዚአብሔር ነው። አለቃ ገብረ ሃናም በአቋቋም መምህርነታቸው የከበሩትን ያህል በቀልዳቸው የታወቁ ሊቅ ነበሩ፤ ሕዝቡም እርሳቸው የረቱበትን ጨዋታ ሲተርክ የተረቱበትን አይተውም።

ነገር ግን ካም የአባቱን ዕርቃን አይቶ ለወንድሞቹ አወራ፤ ሴምና ያፌት ፊታቸውን መልሰው ሸፈኑት። ቀልድም እንዲሁ የሚገልጥና የሚሸፍን አለው። እንግዲህ በክበቡ የምንቀመጥ ሁሉ ራሳችንን እንጠይቅ፤ በአነጋገሩ የሚቀለድበት ሰው ከአጠገባችን ቢኖር አብሮን ይስቃልን? ወይስ አንገቱን ይደፋል? አብሮን የሚስቅ ከሆነ ቀልዱ የጋራ ማዕድ ነው፤ አንገቱን የሚደፋ ከሆነ ግን የሚያጨበጭብ እጅ ከሚቀልደው ምላስ ጋር በደል ይካፈላል። በማግስቱ ደቻቱን ተሻግረን በመጋላ ገበያ የምንገናኘው ከዚያው ሰው ጋር ነውና።

እኛም መምህራን በዐውደ ምሕረት ቆመን፣ ምእመናንን ፈገግ ለማሰኘት ስንል ሌላውን ያዋረድንበት ጊዜ እንደሌለ ኅሊናችንን እንመርምር። እግዚአብሔር ማንንም የማያሳዝን ደስታ ያድለን። አሜን።