ስለ ፈውስ ሲባል እንስሳን ማሳመም ይገባልን?

ሰውን ለማዳን ሲባል ጤነኛ እንስሳን ሆን ብሎ ማሳመም ይገባልን? ጥያቄው የሊቃውንት ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን በየዕለቱ ኢንሱሊን የሚወጉትን ምእመናኖቻችንን ሁሉ ይነካል።

እ.ኤ.አ. በ1943 በግላስጎው ከተማ ስለ ኩላሊት ጉዳት የሚመራመሩ ሐኪሞች አሎክሳን የተባለውን ኬሚካል ለጥንቸሎች በመርፌ ሰጡ። ኬሚካሉም በቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚያመነጩትን ሕዋሳት ለይቶ እንደሚገድል ሳያስቡት ተገነዘቡ። ከአፈር ባክቴሪያ የተገኘው ስትሬፕቶዞቶሲንም ተመሳሳይ ጠባይ እንዳለው በ1963 ታወቀ። ሁለቱም ስኳርን ስለሚመስሉ ስኳር በሚገባበት በር ገብተው ሕዋሱን ከውስጥ ያጠፉታል። እንስሳውም ይጠማል፤ ሽንቱ ይበዛል፤ ይከሳል። ተመራማሪዎች የበሽታውን ጠባይና የመድኃኒቱን ኃይል የሚፈትኑት እንዲህ በታመሙ አይጦች ነው። ኢንሱሊን ራሱ የተገኘው በ1921 በቶሮንቶ ቆሽታቸው በወጣ ውሾች ላይ በተደረገ ሙከራ ሲሆን፣ በጥር 1922 የ14 ዓመት ልጅ መድኃኒቱን ተወግቶ ከሞት ተረፈ።

«መልካም እንዲመጣ ክፉ አይደረግም» ብለን የምናስተምር እኛ ይህን እንዴት እንፈቅዳለን? ሰው የእግዚአብሔር አምሳል ነውና ሺህዎችን ለማዳን እንኳ አንዱን ያለ ፈቃዱ ማሳመም ከቶ አይገባም። እንስሳ ግን የሰው እኩያ አይደለም። ስለዚህ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቍጥር 2417 የሰውን ሕይወት ለመርዳት የሚደረገውን ሙከራ በልክ ከሆነ ይፈቅዳል። ወዲያውም በቍጥር 2418 እንስሳትን ያለ በቂ ምክንያት ማሠቃየት የሰውን ክብር እንደሚቃረን ያስጠነቅቃል።

እንግዲህ እንስሳ እኩያችን ባይሆንም ግዑዝ ዕቃም አይደለም። እግዚአብሔር ከኖኅ ጋር ኪዳን ሲገባ እንስሳትንም በኪዳኑ አካቷል። የተሰጠን ሥልጣን አደራ ነው። በሌላ መንገድ ማወቅ ሲቻል እንስሳን ማሳመም፣ ጥቂቶች ሲበቁ ብዙዎችን መጠቀም፣ ሕመሙን ማቅለል ሲቻል ቸል ማለት አደራን መብላት ነው።

ሌላም አደራ አለብን። በዚህ ሁሉ ሕመም የተገኘው መድኃኒት ድኻው ጎረቤታችን ዋጋው ከአቅሙ በላይ ስለሆነ ብቻ ቢያጣው፣ ለሙከራው ያቀረብነው ምክንያት በእኛው ላይ ይመሰክርብናል። «ለሰው ሕይወት ነው» ብለናልና። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ ለፍጥረት መራራትን ለልጆች ስናስተምር ለታመመው ወንድም መድረስንም አብረን እናስተምር፤ የመጀመሪያው ያለ ሁለተኛው ሙሉ አይሆንምና።