የጉምጉምታው ዋጋ

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይላሉ አበው። ልጄ ግን ባለፈው ቅዳሜ ኤሌክትሪክ ጊታሩን ፈታትቶ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ በአንድ መቀያየሪያ ሁለት ዛፍ የሚያስወጣ ዘዴ እንዳለ ነገረኝ። አገር ቤት በ2ኛ ደረጃ ት/ቤት ፊዚክስ ያስተማርኩ፣ እዚህ ደግሞ ታክሲ የምነዳ ሰው ነኝና ሽቦውን ልበይድለት በደስታ ተቀመጥኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጊታሩ ክሮች ሥር የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ፒክአፕ የሚባል ዕቃ አለ፤ በማግኔት ዙሪያ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ የተጠመጠመ ቀጭን ሽቦ ነው። ባለ አንድ ጥቅሉ ድምፁ ጥርት ያለ ቢሆንም፣ ከመብራት መስመር የሚመጣውን ጉምጉምታ አብሮ ይለቅማል። የጊብሰን ኩባንያ ባልደረባ የነበረው ሴዝ ላቨር በ1955 የፈጠራ መብት የጠየቀበት ሃምበከር ይህን ችግር የፈታው ሁለት ጥቅል በማጣመር ነው። የአንዱ አጠማጠምና የማግኔቱ ዋልታ ከሌላው ተቃራኒ በመሆኑ የክሩ ድምፅ ይደመራል፣ ጉምጉምታው ይጣፋል።

ልጄ የፈለገው ከዚሁ ፒክአፕ የአንድ ጥቅሉንም ድምፅ ማግኘት ነበር። ጊታረኞች በልማድ «ኮይል ታፕ» ይሉታል። ሁለት መንገድ ነበረን። አንደኛው አንዱን ጥቅል ዝም ማሰኘት ነው፤ ድምፁ ይጠራል፣ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ጉምጉምታውም ይመለሳል። ሁለተኛው ሁለቱን ጎን ለጎን ማገናኘት ነው፤ ድምፁ ይጠራል፣ ጉምጉምታም የለበትም፤ ነገር ግን የአንድ ጥቅሉን ድምፅ ይመስላል እንጂ አይሆንም።

እኔ ሁለተኛውን መከርኩት። ልጁ ጥቂት አስቦ፣ «አባዬ፣ ጉምጉምታውን እችለዋለሁ፤ የሚመስለውን ሳይሆን ራሱን ነው የምፈልገው» አለኝ። እንዳለው በየድኩለት።

ያን ሌሊት ተሳፋሪ ስጠብቅ ቃሉ ከነከነኝ። ወደዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ መምህርነቴን አልተውኩትም፣ አልያዝኩትምም። የመምህርነት ፈቃድ ለማግኘት ብፈተን መውደቅ አለ፤ ታክሲውን «ሥራዬ ይኸው ነው» ብዬ ብቀበል ደግሞ ሐዘን አለው። ስለዚህ ሁለቱን ጎን ለጎን አስሬ «በሚቀጥለው ዓመት» እያልኩ ያለ ጉምጉምታ ኖርኩ። ይህን ጥበብ እለው ነበር። ፍርሃት ይሆን እንዴ?

እርግጥ ነው፣ ጸጥታ የሚፈለግበት ጊዜ አለ። ልጆቹን ለማሳደግ ሲል ምኞቱን ያቆየ ሰው አይነቀፍም። የሚያስነቅፈው ምንም እንዳልከፈሉ ማስመሰል ነው። መቀያየሪያ ቢኖርም በአንድ ጊዜ የሚሰማው አንዱ ድምፅ ነውና፣ የአበው ተረት አሁንም አልተሻረም።

ልጄ ሲጫወት ክሩ ጉምጉምታውን ይሸፍነዋል፤ እጁን ሲያነሳ ነው የሚሰማው። እኔም ያን ድምፅ እየሰማሁ፣ ከመሳቢያ ያወጣሁትን የፈተና ቅጽ መሙላት ጀምሬአለሁ።